ያለን መጽሐፍ ስንፈልገው ለምን ይጠፋል?

አንድ ሰልጣኝ ለማስተማር ልምምድ የሚረዳ መጽሐፍ በሞባይሉ ይዟል እንበል። ሌላው ሰልጣኝ ከጎኑ ባለው ዶርም ተቀምጦ ያንኑ መጽሐፍ ሲያፈላልግ ሳምንት ይከርማል። መጽሐፉ ግቢያችን ውስጥ አለ፤ ግን እንደሌለ ይቆጠራል። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ፣ ከሞባይል ወደ ሞባይል በዜንደር፣ አለዚያም በፍላሽ መቀባበል ምን ያህል እንደሚጠቅም ታይቷል።

እንዲህ ሁሉም ሰጪም ተቀባይም የሚሆንበት ግንኙነት አቻ ለአቻ መረብ ይባላል። ዋናው ጥያቄ ማን ምን እንዳለው እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ናፕስተር ዝርዝሩን በአንድ ማዕከል አስቀመጠ። ፍለጋው ፈጣን ነበር። ነገር ግን በ2001 በቅጂ መብት ክስ ምክንያት ማዕከሉ ሲዘጋ፣ ሙዚቃው በየሰዉ ኮምፒዩተር ላይ እያለ ፍለጋው ቆመ። በ2000 ብቅ ያለው ኑቴላ ደግሞ ማዕከል አልነበረውም። አንዱ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ጎረቤቱም ጎረቤቱን። ገበያ መሀል እየጮኹ ሰው እንደመፈለግ ነው፤ መረቡ በጥያቄ ይጨናነቃል፣ ሩቅ ያለውም አይሰማም።

ሦስተኛው ዘዴ ዝርዝሩን ራሱን ማከፋፈል ነው። ከ«ሀ» እስከ «መ» የሚጀምሩትን አርእስቶች አንዱ ዶርም፣ ቀሪውን ሌሎቹ ቢይዙ፣ ፈላጊው የት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ኮምፒዩተሮች ይህን የሚያደርጉት በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀረበው ካደምሊያ በየእርምጃው ቀሪውን ርቀት በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከሚሊዮን ኮምፒዩተሮች መካከል ተፈላጊውን በ20 እርምጃ ገደማ ያገኛል።

ታዲያ እዚህ ላይ የኛ ፊደል ጣጣ ያመጣል። ቁጥሩ የሚወጣው ከስሙ ነው፤ «ሥነ ትምህርት» እና «ስነ ትምህርት» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ግን የማይገናኙ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ መመለስ ያስፈልጋል። ፋይሉን «አዲስ 1» ብሎ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን ምንም ዘዴ አይረዳውም!

ቦታው ቢታወቅስ? ባለቤቱ ለመስቀል አገር ቤት ከገባ ፋይሉም አብሮት ገባ። እያንዳንዱ ሞባይል ግማሹን ጊዜ ክፍት ነው ብንል፣ አንድ ቅጂ የመገኘት ዕድሉ ከመቶ 50 ነው፤ ሁለት ቅጂ 75፣ አምስት ቅጂ ደግሞ 97 ገደማ ይሆናል። ይህ ስሌት የሚሠራው ሁሉም ባንድ ጊዜ ካልጠፉ ነው። አምስቱም ቅጂዎች ወልቂጤ ሆነው ለመስቀል ሁሉም ቢበተኑ ስሌቱ ከንቱ ነው፤ አንዱን ቡታጅራ ላለ ጓደኛ መላክ ይሻላል።

የትኛውን እናብዛ? እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ቢትቶረንት አስቀድሞ የሚቀዳው ጥቂቶች ብቻ የያዙትን ክፍል ነው። እኛ ግን ሁሉም ያለውን ደግመን እንቀዳለን። የ7ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ በብዙ ሞባይል ላይ ይገኛል፤ አንድ መምህር በእጁ ያዘጋጀው የጉራግኛ የንባብ ካርድ ፎቶ ግን ምናልባት ያለው በአንድ ሞባይል ላይ ብቻ ነው።