ጠቅላላ እውቀት ከኮልፌ ሲጀምር

ጠቅላላ እውቀት አንድ ሰው ከሙያው ውጭ ስለ አገሩ፣ ስለ ዓለም፣ ስለ ጤና፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ታሪክና ስለ ተፈጥሮ የሚይዘው እውቀት ነው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በወላጆች በዓል ቀን በጥያቄና መልስ ውድድር ይፈተናል፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም በቅጥር ፈተና ያስገቡታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እንቆቅልሽ ነበር። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» የሚባባሉ ልጆች መልሱ ሲጠፋባቸው አገር ይሰጣሉ። እንቆቅልሽ የሚፈትነው ነገርን ከነገር የማመሳሰል ብልሃትን ነው፤ የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ ደግሞ በቃል የተያዘን ነገር በተፈለገበት ሰዓት ማውጣትን።

ጥያቄ ለማዘጋጀት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ኔልሰን ማንዴላ በኢትዮጵያ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት የት ነው?» ቢባል መልሱ የአዲስ አበባው ኮልፌ ነው። ማንዴላ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር መተኮስንና ፈንጂ ማጥመድን ተምረዋል። ሥልጠናው ለ6 ወር የታሰበ ነበር፤ ከድርጅታቸው አስቸኳይ ጥሪ ስለደረሳቸው ግን ሳይጨርሱ ተመለሱ። ሲሰናበቱ አሠልጣኛቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጧቸው።

በዚያው ክፍለ ከተማ ያለው አለርት ሆስፒታል ለጠያቂ ከዚህም የሚበልጥ ሀብት አለው። የተቋቋመው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ነው። አጠገቡ ያለው የምርምር ተቋም ስሙን የወሰደው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኘው የኖርዌይ ሐኪም ከአርማወር ሐንሰን ነው። የተቋሙ ስም ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ተማሪ በሽታው እርግማን ወይም የዘር ውርስ ሳይሆን በመድኃኒት የሚድን ተላላፊ በሽታ መሆኑንም አብሮ ይይዛል። የሚመረጠው ጥያቄ እንዲህ ያለው ነው፤ መልሱ ከስም አልፎ ሌላ እውቀት ይዞ ይመጣል።

አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዘመን አቆጣጠር ነው። ማንዴላ ኮልፌ የነበሩት እ.ኤ.አ. በ1962 ክረምት ነው፤ በእኛ 1954 ዓ.ም.፣ ልዩነቱ 8 ዓመት። አለርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1965 ተቋቋመ፤ በእኛ ታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. ስለሚሆን ልዩነቱ 7 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል። በዳኛው ወረቀት ላይ አንዱ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎ ከሆነ በትክክል የመለሰ ልጅ ነጥቡን ያጣል፤ ይህ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጊዜ ያለፈበት መልስም አለ። «የኢትዮጵያ ክልሎች ስንት ናቸው?» ለሚለው 9 የሚለው መልስ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ያስኬድ ነበር። በዚያ ዓመት ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ክልል ሆኑ፤ በ2015 የቀረው የደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል ቁጥሩ 12 ደረሰ። የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞችም ለሚ ኩራ ሲጨመር ከ10 ወደ 11 ከፍ ብለዋል። የራስ ደጀን ከፍታ በቆዩ መጻሕፍት 4620 ሜትር ነው፤ በአዳዲሶቹ ወደ 4550 ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ከፍታውን ከመጠየቅ ተራራው የት እንደሚገኝ መጠየቅ ይሻላል።

በምርጫ የሚቀርብ ፈተና ሌላ ጣጣ አለው። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ምንም የማያውቅ ሰው በግምት ብቻ ከ20 ጥያቄ በአማካይ 5ቱን ያገኛል። የተሳሳቱት ምርጫዎች ለእውነት የቀረቡ ካልሆኑ ከዚያም በላይ ያገኛል።

መፈተን ራሱ ማስተማሪያ መሆኑ ተረጋግጧል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንድ ቡድን ጽሑፍን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ በቃሉ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ከጽሑፉ 40 በመቶውን፣ ሁለተኛው 61 በመቶውን አስታወሰ። አምስት ደቂቃ ብቻ ቆይተው የተፈተኑት ግን ውጤታቸው ተቃራኒ ነበር፤ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። በፈተና ዋዜማ ደብተር ሲያገላብጥ ያደረ ተማሪ ሁሉን የያዘ የሚመስለው፣ ሰንበት ሲል የሚጠፋበትም ለዚህ ነው።