«ነፃ» የስልክ መተግበሪያዎች፣ ሳይታወቅ የሚቆረጥ ሂሳብና የተጠቃሚው መብት

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከዙሪያዋ ደጋማ ቀበሌዎች ገብስና ባቄላ ይዞ የሚመጣው አርሶ አደር የሚገበያይባት ናት። እንደ ሌሎች የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ በዚህችም ከተማ የእጅ ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ የገንዘብ ቦርሳ፣ የልጆች መጫወቻና የዜና ምንጭ እየሆነ መጥቷል። ስለ ስልክ በሚነሡ ጨዋታዎች ደጋግመው ከሚሰሙት ቅሬታዎች አንዱ፣ የሞሉት ሂሳብ ሳይደወልበት ማለቁ ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ለቴሌኮም ኩባንያው ብቻ ይሰጣል፤ ጉዳዩ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል።

ሂሳብ ሳይደወልበት የሚያልቅባቸው የተለመዱ መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ሲያበቃ ዳታው ክፍት ከሆነ፣ መተግበሪያዎች ራሳቸውን ሲያድሱ ፍጆታው በመደበኛ ታሪፍ ከዋናው ሂሳብ ላይ ይቆረጣል። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ቀሪ ሂሳብን በ*804#፣ ጥቅሎችን በ*999# መመልከት ይቻላል። ሁለተኛው የአጭር መልእክት አገልግሎት ነው። ጥቅስ፣ የስፖርት ዜና ወይም የዕጣ ጨዋታ የሚልኩ ድርጅቶች ደንበኛው አንድ ጊዜ በመመዝገቡ ብቻ በየዕለቱ ሊያስከፍሉ ይችላሉ። እነዚህ መልእክቶች መቋረጫ መንገዳቸውን ብዙውን ጊዜ በግርጌ ስለሚይዙ፣ ከመሰረዝ በፊት እስከ መጨረሻው ማንበብ ይጠቅማል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም የከፋ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎችንም በቀጥታ የነካ ነው። በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ድርጅት ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ ቴክኖ ደብሊው 2 በተባሉ አነስተኛ ዋጋ ባላቸው ስልኮች ውስጥ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ሶፍትዌሮች ተጭነው መገኘታቸውን አስታወቀ። ሶፍትዌሮቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች ላይ ይመዘግቡታል። ድርጅቱ ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ ስልኮች የተላኩ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ የምዝገባ ሙከራዎችን መዝግቧል፤ በዋናነት ከተጎዱት አገሮች መካከልም ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና እና ደቡብ አፍሪካ ይገኙበታል። የስልኩ አምራች ትራንሽን በበኩሉ ችግሩ የተፈጠረው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አንድ አቅራቢ መሆኑን ገልጾ፣ ማስተካከያ ሶፍትዌሮችን መልቀቁን አስታውቋል።

የዚህ ክስተት ክብደት ከቁጥሩ ይልቅ በተጎጂው ማንነት ላይ ነው። ርካሽ ስልክ የሚገዛው ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው ነው፤ ከሂሳቡ የሚጠፋው ጥቂት ብርም ለእርሱ ጥቂት አይደለም። ከዚህም በላይ ኤክስሄልፐር ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ቢመለስ እንኳ የማይጠፋ መሆኑን የዘርፉ ባለሙያዎች መስክረዋል። ስለዚህ ችግሩን «ተጠቃሚው አላወቀበትም» በማለት ማለፍ ተገቢ አይሆንም። አዲስ ስልክ በካርቶን ታሽጎ የገዛ ሰው ውስጡን መርምሮ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውምና።

ከስልክ ጋር ተያይዞ በየቤቱ የሚያከራክረው ሌላው ጉዳይ የልጆች ጌም ነው። ወላጆች በአብዛኛው የሚሰጉት ልጁ ከትምህርቱ እንዳይዘናጋ ነው፤ ስጋቱም መሠረት አለው። ጌሙ ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ ግን እምብዛም አይነሣም። በነፃ የሚወርዱ ጌሞች ገቢያቸው ከሁለት ምንጮች ይመጣል፤ አንደኛው በጨዋታው ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ፣ ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ፎርትናይት የተባለውን ጌም ያዘጋጀው ኤፒክ ጌምስ በጠቅላላው 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ከስምምነት ላይ መድረሱን አስታውቋል። ከዚህ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ሳይፈልጉት ክፍያ ለተቆረጠባቸው ደንበኞች የሚመለስ ነው። ከክሱ ጭብጦች አንዱ፣ ልጆች የወላጅ ፈቃድ ሳይጠየቅ ቁልፍ በመጫን ብቻ እንዲገዙ መደረጉ ነበር።

በአገራችን አብዛኛው ቤተሰብ ለውጭ ግዢ የሚያገለግል የክፍያ ካርድ ስለሌለው፣ ይህ ዓይነቱ ኪሳራ ብዙም አይታይም። ልጁ የሚከፍለው በሌላ መንገድ ነው። በየደረጃው መካከል የሚመጣው የቪዲዮ ማስታወቂያ በወላጁ ዳታ ይወርዳል፤ ማስታወቂያውን ከተመለከተ በኋላ የሚሰጠው ሽልማትም ሌላ ማስታወቂያ እንዲመለከት ይጋብዘዋል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ጌሞችን ዳታ ዘግቶ ማጫወት ወጪውን ያስቀራል። የካርታ ጨዋታ የስልክ አድራሻዎችን ዝርዝር ወይም አጭር መልእክቶችን ለማየት ፈቃድ ሲጠይቅም መከልከል ይቻላል፤ ለጨዋታው የሚያስፈልጉ አይደሉምና።

የመረጃ ነገር ከጌም ይልቅ በገንዘብ አገልግሎት ላይ ጎልቶ ይታያል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን አከለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤም-ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አስጀምሯል። የእነዚህ ብድሮች ልዩ ጠባይ የቤት ካርታ ወይም ዋስ አለመጠየቃቸው ነው። በዋስ ፋንታ የሚታየው የደንበኛው የአጠቃቀም ታሪክ ነው። ለባንክ መያዣ የሚሆን ንብረት ለሌለው አርሶ አደር ወይም ጉልት ለምትቸረችር እናት ይህ እውነተኛ ዕድል ነው። በሌላ በኩል ግን ሰውየው ሳያስበው ያከማቸው የስልክ ታሪኩ ብድር የሚያስገኝለት ወይም የሚያስከለክለው ምስክር ሆኗል ማለት ነው። ሲም ካርድን በራስ ስም ማስመዝገብና ለሌላ ሰው አለማዋስ ከቀድሞው የበለጠ አስፈላጊ የሆነውም ስለዚህ ነው። የምስጢር ቁጥር ደግሞ ለማንም አይነገርም፤ ደዋዩ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ።

ግለሰቡ ከታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጋር ሲነጻጸር አቅሙ እጅግ ትንሽ ነው። «እስማማለሁ» የሚለውን ቁልፍ ያልተጫነ ሰው አገልግሎቱን አያገኝም፤ የውሉ ጽሑፍም ብዙውን ጊዜ በአማርኛ አይቀርብም። ለዚህ ነው መንግሥታት ጣልቃ የሚገቡት። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2010 ዓ.ም. ጉግልን ከአንድሮይድ ስልኮች ጋር በተያያዘ ከ4 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የቀጣው፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤትም በነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይኸው ኩባንያ በፍለጋ አገልግሎት ሕገወጥ ሞኖፖል ይዟል ሲል የወሰነው በዚህ መንፈስ ነው። በአገራችንም የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከፍቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ዜጋው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ ስሕተት ካለው የማሳረም፣ በሕግ በተደነገገው መሠረትም የማሰረዝ መብት ሰጥቶታል። የዚህም አዋጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣኑ ነው።

ስልኩ ራሱ ጉድለት ያለበት ሆኖ ከተገኘ የሚሠራው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ጉድለት ያገኘበትን ዕቃም በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የተሻለ ዋስትና የሚሰጥ ውል ካለ ሸማቹ በዚያው ይጠቀማል። በተግባር ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው ግን ደረሰኝ ባለመኖሩ ነው። ስልክ ከጎንደር ሱቆችም ሆነ ከአምባ ጊዮርጊስ ሲገዛ ደረሰኝ መቀበል፣ *#06# ሲደወል የሚታየውን የስልኩን መለያ ቁጥርም በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ክርክሩን ያቀለዋል።

ሂሳቡ ያለ ፈቃዱ የተቆረጠበት ደንበኛ ቀኑን፣ የተቆረጠውን የገንዘብ መጠንና የደረሰውን መልእክት ላኪ አጭር ቁጥር ጽፎ ይይዛል። መልእክቱን ሳያጠፋ በቅድሚያ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለሳፋሪኮም ደግሞ በ700 ያመለክታል፤ የአቤቱታውን መዝገብ ቁጥርም ይጠይቃል። ከኩባንያው አጥጋቢ ምላሽ ካላገኘ ይህንኑ ቁጥር አያይዞ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊያቀርብ ይችላል። የዕቃ ጉድለትን የሚመለከት አቤቱታ ግን የሚቀርበው ከደረሰኙ ቅጂ ጋር ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።