የአራት ሺህ ዶላሩ ሄድፎን ምን ያሰማል?

የፈረንሳዩ ፎካል በ2016 «ዩቶፒያ» የተባለውን ሄድፎን ገበያ ላይ ሲያውለው ዋጋው 4,000 ዶላር ገደማ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዓመቱ የቻይናው ሃይፊማን «ሱስቫራ»ን በ6,000 ዶላር አወጣ። የጀርመኑ ዜንሃይዘር ደግሞ የእብነ በረድ ገላ ካለው አምፕሊፋየር ጋር አጣምሮ ለሚሸጠው «ኤችኢ 1» ከ50,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። በሌላው ጫፍ በ2022 የወጣችው የሙንድሮፕ «ቹ» ኤርፎን አለች፤ 20 ዶላር አካባቢ። ሁሉም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምልክትን ተቀብለው አየር ያንቀጠቅጣሉ። በ«ቹ» እና በ«ዩቶፒያ» መካከል 200 እጥፍ የዋጋ ልዩነት አለ። ከዚህ ውስጥ ጆሮ የሚደርሰው ምን ያህሉ ነው?

ተረት፦ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይሻላል

የሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ ይህን ጉዳይ በቁጥር መረመረው። በ2017 በታተመው ጥናቱ የ283 ሄድፎኖችንና ኤርፎኖችን ልኬት ሰብስቦ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጸረ። የመዘነው ነገር እያንዳንዱ ሄድፎን ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በምን ሚዛን እንደሚያወጣ ነው። ከበሮው ከዘፋኙ ጎላ ይላል ወይስ ያንሳል? ጸናጽሉ ጆሮ ይወጋል ወይስ ይደበዝዛል? አንድ ሄድፎን «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» መሰኘቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ይኸው ሚዛን ነው። ጥናቱ በሚዛኑና በዋጋው መካከል ግንኙነት አላገኘም። ውዶቹም ርካሾቹም ተበታትነው ነው የተገኙት።

ጥሩ ሚዛን የቱ ነው ለሚለው ጥያቄ የተሻለውን መልስ የሰጡት በሃርማን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ ናቸው። መነሻቸው ቀላል ነበር፦ ሙዚቃ የሚቀናበረው በድምፅ ማጉያ ፊት ተቀምጦ ስለሆነ፣ ሄድፎንም በጥሩ ክፍል ውስጥ ያለ ጥሩ ስፒከር የሚመስል ድምፅ ሊያወጣ ይገባል። ከዚያ ሰዎችን እያስቀመጡ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) እና ትሬብሉን (ቀጭኑን) እስኪጥማቸው ድረስ እንዲያስተካክሉ አደረጉ። ሄድፎኖችን ለማወዳደርም ብልሃት ፈጠሩ፤ የብዙ ሄድፎኖችን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስለው በአንድ ሄድፎን ብቻ ያሰሙ ነበር። አድማጩ ጭንቅላት ላይ ያለው ዕቃ አልተቀየረም፤ የሚወዳደሩትን ሄድፎኖች ክብደት፣ ቆዳ፣ የአምራች ስም አያውቅም። በዚህ መንገድ አብዛኛው ሰው ወደ ተቀራራቢ ሚዛን እንደሚያዘነብል ታየ፤ ጥቂቶች ቤዝ ይጨመርልን፣ ጥቂቶች ይቀነስልን አሉ። ይህ ሚዛን ዛሬ ማንም አምራች የሚያውቀው ነው። የ20 ዶላሯ «ቹ» ብዙ አወዳሽ ያገኘችውም ወደ እሱ በመጠጋቷ ነው።

ይህን ለአንድ የውድ ሄድፎን ባለቤት ብትነግሩት ይቆጣል። «በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን?» ይላችኋል። እኔ በበኩሌ ዋሽቷል ብዬ አላምንም። በ2008 የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ለሰዎች አንድ ዓይነት ወይን ሁለት ጊዜ ቀድተው፣ አንዱን 10 ዶላር ሌላውን 90 ዶላር ነው አሏቸው። ጠጪዎቹ የ90ው ይበልጣል አሉ። የአንጎል ምስላቸው ሲታይም ደስታን የሚመዘግበው ክፍል ውድ ነው በተባለው ወይን ይበልጥ ነቅቶ ተገኘ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ምንጩ ግን ወይኑ ውስጥ አልነበረም። 4,000 ዶላር ከፍሎ፣ ከእንጨት ሣጥኑ በጥንቃቄ አውጥቶ ጆሮው ላይ የሚያደርግ ሰውም የሚሰማው ደስታ እንዲሁ ነው። ጥያቄው ያንን ደስታ በዚያ ዋጋ መግዛት ትፈልጋላችሁ ወይ የሚል ነው።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ቤተ ሙከራ ሰዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን መጀመሪያ የሚያጣው ወፍራሙን ክፍል ነው። ስለዚህ አንድ ዴሲቤል ከፍ ያለ ሄድፎን «ጮኸብኝ» ሳይሆን «ሞላ አለ፣ ጠለቀ» ያስብላል። ሁለት ሄድፎን የሚያወዳድር ሰው መጀመሪያ የጩኸታቸውን መጠን እኩል ማድረግ አለበት። በአንድ ቮሊዩም ቁጥር ላይ አስቀምጦ እያፈራረቁ መስማት ማወዳደር አይደለም፤ በዚህ ውድድር የሚያሸንፈው የሚጮኸው ነው።

ክብደትም እንዲሁ ያሳስታል። «ከበድ ይላል፣ ኦሪጅናል ነው» የሚለውን አነጋገር መርካቶ ያልሰማው የለም። በ2015 አሜሪካ ውስጥ የቢትስ ምልክት ያለበት አንድ ሄድፎን ተፈታቶ ሲታይ፣ ክብደት ከመጨመር ሌላ ብዙም ሥራ የሌላቸው የሚመስሉ የብረት ቁርጥራጮች ተገኙበት። ወሬው ዓለምን ካዳረሰ በኋላ የተፈታው ዕቃ ራሱ ፎርጅድ መሆኑ ታወቀ። ፎርጅድ የሚሠራውም ሰው ገዢው በእጁ እንደሚመዝን ያውቃል ማለት ነው።

ተረት፦ ኦሙ ከፍ ያለ ሄድፎን ጥራቱ ከፍ ያለ ነው፤ ያለ አምፕ አይሠራም

ኦም፣ ማለትም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው መቋቋም፣ ጥራትን አይናገርም። የቤየርዳይናሚክ «ዲቲ 770 ፕሮ» በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቶ ይሸጣል፤ ልዩነቱ ከየትኛው መሣሪያ ጋር ይስማማል የሚለው ነው። ስልክ ወይም ላፕቶፕ ሄድፎኑን ማስጮህ ይችል እንደሆነ ለማወቅ መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር ነው፤ በአንድ ቮልት ስንት ዴሲቤል ያወጣል የሚለው። በ1997 የወጣው የዜንሃይዘር «ኤችዲ 600» 300 ኦም ነው፤ ብዙዎች በዚህ ብቻ ፈርተው አምፕ ይገዙለታል። ፋብሪካው ራሱ የጻፈው ግን በአንድ ቮልት 97 ዴሲቤል እንደሚያወጣ ነው። አንድ ቮልት ደግሞ ስልክን ከሄድፎን የምታገናኘው የአፕል የ9 ዶላር ትንሽ አስማሚ ገመድ፣ በአሜሪካ የምትሸጠው ዓይነት፣ የምትሰጠው ነው፤ የዚያች ገመድ የድምፅ ንጽሕናም በመሣሪያ ሲለካ ከብዙ ውድ ዕቃዎች ጋር ይስተካከላል።

97 ዴሲቤል ምን ማለት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለጆሮ ደህንነት ያስቀመጠው መጠን 80 ዴሲቤል ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ሲደርስ በሳምንት 4 ሰዓት፣ 100 ሲደርስ 20 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። «አምፕ ከሌለ ድምፁ አይበቃም» የሚል ሰው የጎደለው አምፕ ላይሆን ይችላል። እርግጥ ነው፣ «ሱስቫራ»ን የመሰሉ ኃይል በላተኞች አሉ፤ እነሱ ስልክ ላይ ሲሰኩ ይሞታሉ፣ ጠንካራ አምፕም ይጠይቃሉ። ያ ግን ጉድለታቸው እንጂ የክብር ምልክታቸው አይደለም።

የ500 ዶላር የብር ኬብልንና «መቶ ሰዓት ካልተጫወተ ድምፁ አይከፈትም» የሚለውን ብዙ አልቆይባቸውም። አንድ ሜትር ገመድ ከመዳብም ይሁን ከብር ለጤነኛ ሄድፎን ለውጥ የለውም። ከመቶ ሰዓት በኋላ የሚለወጠው ደግሞ የተጨመቀው ስፖንጅና የለመደው ጆሮ ነው። ሻጮች ይህን ተረት የሚወዱት፣ መቶ ሰዓቱ ሲያልቅ የመመለሻው ቀን አብሮ ስለሚያልፍ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ተረት፦ ከሲዲ በላይ ጥራት ያለው ፋይልና 40 ኪሎኸርዝ የሚያወጣ ሄድፎን ካልያዝክ ሙዚቃውን አልሰማኸውም

ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይመዘግባል። ይህም እስከ 22,000 ኸርዝ ያለውን ንዝረት በሙሉ ለመያዝ ይበቃል። የወጣት ጆሮ 20,000 አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ጣሪያው እየወረደ ይመጣል። ማየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2007 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከሲዲ በላይ ጥራት ያለው ቅጂና ያው ቅጂ ወደ ሲዲ ደረጃ ወርዶ እንዲለዩ አድማጮችን ጠየቁ። ከ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው 276 ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ እንደመገመት። በ2016 ጆሽዋ ሪስ የተባለ ተመራማሪ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ ጨምቆ ሲመለከት ትንሽ፣ ነገር ግን ከአጋጣሚ የሚበልጥ ልዩነት አገኘ፤ በተለይ በሠለጠኑ አድማጮች ዘንድ። ስለዚህ «ምንም ልዩነት የለም» ማለት ይከብዳል፤ ገንዘብ የሚወጣበት ልዩነት ነው ማለት ግን ይበልጥ ይከብዳል።

ለእኛ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሙዚቃው ከየት ተገኘ የሚለው ነው። የምንወዳቸው ሥራዎች እጅግ ብዙዎቹ ያደጉት በካሴት ነው፤ ካሴቱም ከካሴት እየተቀዳ፣ ያም ከሌላ እየተቀዳ ነው ከከተማ ከተማ የተዳረሰው። በእያንዳንዱ ቅጂ ቀጭኑ ድምፅ ይሳሳል፣ ሽሽ የሚለው የቴፕ ድምፅ ይወፍራል። ከዚያ አንዱ በስልኩ ቀድቶ ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል። ይህን ፋይል በ4,000 ዶላር ሄድፎን የሚሰማ ሰው ሽሽታውን ጥርት አድርጎ ይሰማል እንጂ የጠፋው የክራር ክር አይመለስለትም። እንዲያውም ደብዘዝ ያለው ርካሽ ኤርፎን ለእንዲህ ዓይነቱ ቅጂ ይራራል።

ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ፣ በብሪያን ሺምኮቪትዝ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ታተመ። ተጠንቅቆ የታተመውን ያንን ቅጂ ደጋግሞ ከተቀዳ ካሴት ጎን ለጎን ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ በ30 ዶላር ኤርፎንም ግልጽ ነው። በ1969 አምሃ እሸቴ የመሠረተው ድርጅት ያሳተማቸው ዘፈኖችም በ1997 በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በጀመረው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ ወጥተዋል። ሄድፎን ከመቀየር በፊት ቅጂውን መቀየር በጥቂት ብር የሚገኝ ትልቁ ማሻሻያ ነው፤ ይህን የሚያስተዋውቅ ሻጭ ግን አላየሁም።

ተረት፦ እንግዲያው ውድ ሁሉ ማጭበርበር ነው

ይህኛውም ተረት ነው፤ ብልጥ ሰዎች ስለሚወዱት ይበልጥ ይስፋፋል። ገንዘብ የሚገዛቸው ነገሮች አሉ። «ኤችዲ 600» ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት ዛሬም ይሸጣል፤ ስፖንጁ፣ ገመዱ፣ የራስ ማሰሪያው ተለይቶ ይገዛል፣ በእጅ ይቀየራል። ዋጋውን በሚያገለግልባቸው ዓመታት ብታካፍሉት፣ በየስምንት ወሩ አንዱ ጎኑ እየጠፋ ከሚጣል ኤርፎን ይረክሳል። በ1991 የወጣው የሶኒ «ኤምዲአር 7506» ደግሞ 100 ዶላር አካባቢ ሆኖ በየስቱዲዮው የድምፅ ባለሙያዎች አንገት ላይ ይታያል። ምቾትም ቀላል ነገር አይደለም፤ በሁለተኛው ሰዓት ጆሮ የሚያሳምም ዕቃ በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው።

በሌላ በኩል የገመድ አልባዎቹ ወጪ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አፕል በታኅሣሥ 2020 «ኤርፖድስ ማክስ»ን በ549 ዶላር ሲያወጣ አብዛኛው የተከፈለበት ጫጫታ ማጥፊያው፣ ማይክሮፎኖቹና ኮምፒውተሩ ነው። ባትሪውም እያረጀ ይሄዳል፤ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር ዕድሜው የባትሪው ዕድሜ ነው።

የኔ ሚዛን እንዲህ ነው፦ እስከ 100 ዶላር ድረስ የሚጨመር ገንዘብ፣ ምርጫው ከታወቀበት፣ በድምፅ ይመለሳል። ከ100 እስከ 400 ባለው ውስጥ በአብዛኛው የሚገዛው ምቾትና ዕድሜ ነው። ከ1,000 በላይ ሲሆን ጌጥ እየተገዛ ነው፤ ጌጥ መግዛት ነውር የለበትም፣ ገዢው ጌጥ መሆኑን እስካወቀ ድረስ።

ዓይነቱን መምረጥ ከዋጋው ይበልጣል። ከላይ የጠራኋቸው «ዩቶፒያ»፣ «ሱስቫራ» እና «ኤችዲ 600» ሁሉም ጀርባቸው ክፍት ነው። ከውስጥ ያለው ድምፅ ይወጣል፣ የውጭው ይገባል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል እኩል ይሰማችኋል፤ አጠገባችሁ የተቀመጠውም ዘፈናችሁን ይሰማል። ለመንገድ፣ ለጄኔሬተርና ለጎረቤት ቴሌቪዥን ዝግ የሆነ ወይም ጫጫታ የሚያጠፋ የ100 ዶላር ዕቃ ከማንኛውም ክፍት ሄድፎን ይበልጣል። ጆሮ ሸፋኝ ዝግ ሄድፎን የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ስፖንጁ ከቆዳ ጋር ገጥሞ መቀመጡን እዩ። የመነጽር እጀታ፣ ወፍራም ሹሩባ ወይም ከሥሩ የገባ ሻሽ ትንሽ ቀዳዳ ከከፈተ ቤዙ ያመልጣል፤ «ቤዝ የለውም» ተብሎ የሚመለሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ ያልገጠመ ዕቃ ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ ሄድፎን የምታዝዙ፣ የሞዴሉን ስም በትክክል ጽፋችሁ ላኩለት። ስልካችሁ የጃክ ቀዳዳ ከሌለው አስማሚ ገመዷንም ጨምሩበት፣ መጠባበቂያ ስፖንጅ አንድ ጥንድም አብሮ እንዲይዝ ንገሩት። ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ስፖንጁ ነው፤ ለሞዴሉ የሚሆነውን ደግሞ እዚህ ማግኘት ይከብዳል።