የአክስቴ ጆሮ ማየት

አራስ ጥየቃ ስንሄድ አክስቴ የሕፃኑን ፊት ትታ ጆሮውን ነው የምታየው። «ቀይ ነው ብላችሁ አትሸወዱ፤ ጆሮው ጠይም ይላል» ትላለች። ብዙ ጊዜም ይደርስላታል፤ ሕፃን ሲወለድ ቀለሙ ገና ተሠርቶ አላለቀምና። የቆዳና የጸጉር ቀለም ከሜላኒን እንደሚመጣ ሁሉም ስለሚያውቅ እዚያ ላይ አልቆይም።

እኔን የሚያበሳጨኝ «ጥቁር ሰው ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት በብዛት አሉት፣ ፈረንጅ ግን ጥቂት ነው ያለው» የሚለው ወሬ ነው። ውሸት! ሜላኖሳይት የሚባሉት እነዚህ ሕዋሳት በላይኛው የቆዳ ሽፋን ግርጌ ተደርድረዋል። የጋምቤላ ገበሬንና የኖርዌይ ዓሣ አጥማጅን ክንድ ወስዳችሁ ብትቆጥሩ ቁጥራቸው ተቀራራቢ ነው። ሠራተኛው ያው ነው፤ የሚለየው ምርቱ ነው።

ሜላኖሳይት ቅርንጫፍ የሚመስሉ እጆች አሉት። በእነሱ በኩል ሜላኖዞም የተባሉ ጥቃቅን የቀለም ከረጢቶችን ለ36 ያህል ጎረቤት ሕዋሳት ያድላል። በጥቁር ቆዳ ከረጢቶቹ ተለቅ ያሉ፣ በቀለም ጢም ያሉና ለየብቻቸው የተበተኑ ናቸው። በነጭ ቆዳ ደግሞ አነስ ብለው፣ አንድ ላይ ታጭቀው ይገኛሉ። ከሁሉ የምወደው ግን ማረፊያቸውን ነው፤ ዘረ መሉን በያዘው የሕዋሱ አስኳል ላይ፣ ፀሐይ በምትመጣበት በኩል፣ ታቦት ሲወጣ እንደሚዘረጋ ድባብ ይደፉበታል።

ሜላኒን ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ጥቁርና ቡናማው ዩሜላኒን፣ ቀይና ቢጫው ፊዮሜላኒን። ስኮትላንድና አየርላንድ የሚበዛው ቀይ ጸጉር ኤምሲ1አር የሚባለው ዘረ መል ሚዛኑን ወደ ሁለተኛው ሲያዘነብል የሚመጣ ነው። ሽበትስ? ነጭ ቀለም የሚባል የለም፤ ቀለም ሳይደርሰው የበቀለ ጸጉር ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰውም ሠራተኞቹ አልጎደሉበትም፤ ብዙውን ጊዜ ሜላኒን የሚያስጀምረው ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ወይም ሌላ የሥራው አካል ነው የተበላሸበት።

ቀይ መሆንን ከውጭ የመጣ ለሚያስመስሉም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳራ ቲሽኮፍ የመራችው ቡድን ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ሰዎችን አጥንቶ ነበር። ቆዳን ከሚያቀሉት የዘረ መል ዓይነቶች ብዙዎቹ እዚሁ አፍሪካ የተፈጠሩ፣ የሰው ልጅ ከአህጉሩ ከመውጣቱ በፊትም የነበሩ ሆነው ተገኙ።

ማቅያ ክሬም የምትቀቡ ወገኖቼ፣ አትቆጡኝ። ሃይድሮኪኖን ያን ኢንዛይም ያፍነዋል፤ አንዳንዱ ክሬም ውስጥ የሚገባው ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ድባቡን አጥፎ ባለ ድባቡን ለፀሐይ መስጠት ምን የሚሉት ቁንጅና ነው? ባለፈው የሰፈራችን አንዲት ልጅ ፊቷ ፍክት ብሎ ቤታችን መጣች። አክስቴ ግን ወጉን አልተወችም፤ ቡናውን እያቀረበች ጆሮዋን አየት አደረገችና ዝም አለች።