ተቆጣጣሪው ከሚቆጣጠረው ሲለይ

የመንግሥት የማጓጓዣ ድርጅት ለምዝበራ እጅግ የተጋለጠ መሥሪያ ቤት መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ነዳጁ በየቀኑ ይቀዳል፤ ጎማውና መለዋወጫው በየጊዜው ይለወጣል፤ ቲኬቱ በሺህ ይቆረጣል፤ ድልድዩና አስፋልቱ ደግሞ አንዴ ከተሠራ በኋላ ውስጡ በዓይን አይታይም። እጁ ያልታመነ ሰው በዚህ ሁሉ መካከል ቀዳዳ አያጣም። ጉዳቱም በገንዘብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የፍሬን ሸራ በመዝገብ ላይ ተለወጠ ተብሎ ተጽፎ፣ በመኪናው ላይ ግን አሮጌው ሲቀር፣ ዕዳውን የሚከፍለው በቁልቁለቱ ላይ ያለው ተሳፋሪ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል በአገራችን ስንት ዘመን እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለውን አስተሳሰብ በስብከት ብቻ መንቀል አይቻልም። መቆጣጠር ያስፈልጋል። ታዲያ የሚቆጣጠረው ማን ይሁን? ለማንስ ይታዘዝ? በዚህ ረገድ ሌሎች አገሮች ካሳለፉት ልምድ መካከል የአሜሪካን ለአንባቢያን ማቅረብ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውሳለን።

ከጦር ሰፈር የተገኘ ሥራ

«ኢንስፔክተር ጄኔራል» የሚለው ማዕረግ ወደ ሲቪል መሥሪያ ቤት ከመግባቱ በፊት የወታደር ነበር። የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት በሚካሄድበት በ1778 ዓመት፣ በቫሊ ፎርጅ ሰፈር የነበረው የጄኔራል ዋሽንግተን ጦር በብርድ፣ በረኃብና በሥርዓት ማጣት ተጎሳቁሎ ነበር። ያን ጊዜ ፎን ሽቶይበን የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ተሹሞ ሠራዊቱን አሠለጠነ፤ መሣሪያውንና ትጥቁን እየቆጠረ በመመዝገብም የሚባክነውን ንብረት እንዲቆጠብ አደረገ። መሣሪያው በወረቀት ላይ ሳይሆን በወታደሩ እጅ መኖሩን በዓይን ማረጋገጥ የዚህ ሥራ መሠረት ሆነ።

ከዚያ ልክ 200 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1978፣ ፕሬዚዳንት ካርተር የኢንስፔክተር ጄኔራል ሕግን ፈረሙ። ሕጉ በ12 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይህን ሹመት ሲያቋቁም፣ የትራንስፖርት ሚኒስቴር አንዱ ነበር።

የነፃነቱ ዋስትና

የሕጉ ዋና ቁም ነገር ተቆጣጣሪውን ከሚቆጣጠረው ሥራ መለየቱ ነው። ኢንስፔክተሩ የሚሾመው በፕሬዚዳንቱ አቅራቢነትና በሴኔቱ ስምምነት ነው፤ ሲመረጥም የፖለቲካ ወገንተኝነቱ ሳይታይ ታማኝነቱና በሂሳብ፣ በሕግ፣ በምርመራ ወይም በአስተዳደር ያለው ችሎታ ብቻ እንዲመዘን ሕጉ ያዛል። የሚኒስቴሩን መደበኛ ሥራ እንዲመራ ግን አይፈቀድለትም፤ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቅና ግምጃ ቤቱን የሚቆጥር አንድ ሰው ከሆኑ ቆጠራው ከንቱ ነውና። ሰነድ በግዴታ የማስቀረብ ሥልጣን አለው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያዘጋጀውን ሪፖርት ሚኒስትሩ የራሱን አስተያየት አክሎ ለምክር ቤቱ ያስተላልፋል እንጂ ሊለውጠው አይችልም።

ጥቆማ የሚያቀርብ ሠራተኛም ተረስቶ አልቀረም። ምርመራው ግድ ካላለ በስተቀር ያለ ፈቃዱ ስሙ አይገለጥም፤ ስለ ጥቆማውም በቂም በቀል መጎዳቱ የተከለከለ ነው። በርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ነጋዴዎች ለሠራዊቱ የተበላሸ ስንቅና የማይረባ ትጥቅ ይሸጡ ስለ ነበር፣ በ1863 የወጣው ሌላ ሕግ መንግሥትን ያጭበረበረውን ሰው በመንግሥት ስም ለሚከስ ዜጋ ከሚመለሰው ገንዘብ ድርሻ እንዲሰጠው ፈቅዷል። ይህ ሕግ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የአደጋ መርማሪውም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1967 ሲቋቋም ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ጋር የተያያዘ ነበር። ነገር ግን ለአደጋው ምክንያት ሚኒስቴሩ ራሱ ሊሆን ስለሚችል፣ በ1974 በወጣ ሕግ ፈጽሞ እንዲለይ ተደረገ።

ከኮንክሪት እስከ ቦውሊንግ

እነዚህ ሕጎች በተግባር ምን እንደሚይዙ ሁለት ምሳሌዎች እንመልከት።

በቦስተን ከተማ አውራ ጎዳናውን ወደ ምድር ውስጥ ለማውረድ በተደረገው ታላቅ ሥራ፣ አንድ ኮንክሪት አቅራቢ ኩባንያ ጊዜው ያለፈበትን ኮንክሪት አዲስ ነው እያለ፣ ወረቀቱንም እያስተካከለ አስረክቦ ተገኘ። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ኢንስፔክተር ከሌሎች መርማሪዎች ጋር ጉዳዩን ተከታተለ፤ ኩባንያውም በ2007 ጥፋቱን አምኖ 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ የተለየ ቢሆንም፣ በዚያው ሥራ ላይ በሐምሌ 2006 የመተላለፊያው ዋሻ ጣሪያ ወድቆ አንዲት መንገደኛ በመኪና ውስጥ እንዳለች ገደላት። የደኅንነት ቦርዱ ባደረገው ምርመራ የጣሪያውን ብሎን የያዘው ማጣበቂያ የማይገባ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ተሳፋሪው ከጣሪያው በስተጀርባ ያለውን ሊያይ አይችልም። የሚያየው ተቆጣጣሪው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኒውዮርክ ነው። የከተማዪቱን ባቡርና አውቶቡስ የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን ከ1983 ጀምሮ በክፍለ ግዛቱ ሕግ የተቋቋመ የራሱ ኢንስፔክተር አለው። በ2018 በሎንግ አይላንድ የባቡር መሥመር ይሠራ የነበረ አንድ ሠራተኛ 3,864 ሰዓት የትርፍ ሰዓት ሥራ ሠራሁ ብሎ ከመደበኛው ደመወዙ በላይ 344,000 ዶላር ያህል ተቀበለ። ይህ በዓመቱ ውስጥ አንድም ቀን ሳይታረፍ በየቀኑ ከ10 ሰዓት የሚበልጥ የትርፍ ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ሲመረመር ግን በሥራ ላይ ነበርኩ ባለበት ሰዓት በቦውሊንግ ጨዋታ ቤት ነጥብ ሲያስመዘግብ ነበር። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ተባብሮ ይሸፋፈን እንደ ነበረም ተረጋግጦ፣ በፍርድ ቤት ተቀጥቷል። የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀቱ በየጊዜው ተፈርሞበት ነበር። ፊርማ ብቻውን ቁጥጥር አለመሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

የነፃነቱ ወሰን

ይሁን እንጂ ሕጉ ያለ እንከን ነው ብለን አንባቢን አናታልልም። ፕሬዚዳንቱ ኢንስፔክተርን ከማሰናበቱ 30 ቀን በፊት ምክንያቱን ለምክር ቤቱ ማስታወቅ እንዳለበት ሕጉ ቢደነግግም፣ በጥር 2025 የትራንስፖርት ሚኒስቴሩን ጨምሮ 17 ያህል ኢንስፔክተሮች ይህ ማስታወቂያ ሳይደርስ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት በመስከረም አንዲት የፌዴራል ዳኛ ስንብቱ ሕግን የጣሰ መሆኑን ብትወስንም፣ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ አላዘዘችም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ የተቆጣጣሪው እንጀራ በሚቆጣጠረው ሰው እጅ እስካለ ድረስ፣ የሚጮኸው ለማን እንደሆነ መጠርጠር አይቀርም።

በእኛስ አገር?

ቁጥጥር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1981 የሠራተኛው ሕዝብ ቁጥጥር ኮሚቴ ተቋቁሞ የመንግሥትን ንብረት እንዲጠብቅ ተደርጎ ነበር፤ የቆመው ግን ባቋቋመው መንግሥት ሥር በመሆኑ ከመንግሥቱ ጋር አብሮ አለፈ። በ2001 የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተመሠረተ፤ በ2010 ደግሞ የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን የሚጠብቅ አዋጅ ወጣ። እነዚህ ትልቅ እርምጃዎች ናቸው። አዋጁ በጋዜጣ ላይ መውጣቱ ብቻ ግን በጋራዡ ውስጥ ለሚሠራው መካኒክ አይበቃውም፤ የተናገረው ቃል በማግስቱ በአለቃው ጠረጴዛ ላይ እንደማይገኝ ርግጠኛ ሊሆን ይገባል።

ጠቋሚም ኃላፊነት አለበት። ጥቆማ ሐሜት አይደለም፤ የግል ቂም መወጫም አይደለም። የመኪናው ቁጥር፣ ቀኑ፣ የተቀዳው ነዳጅ መጠን፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ ነገሩን ያየ ሰው፣ እነዚህ ሲሟሉ መርማሪው ሥራውን ይጀምራል። ያለ ማስረጃ የሰውን ስም ማጥፋት እውነተኛውን ጠቋሚ ያሳማል፤ ንጹሑንም ሰው ያጠፋል።

ወታደሩ ወደ ግዳጅ የሚሄድበት ካሚዮን፣ ነጋዴው እህሉን የሚጭንበት መኪና፣ ተማሪው የሚሳፈርበት አውቶቡስ የሚጓዙት በአንድ መንገድ ነው፤ የተሰረቀው ብሎን ማንን እንደሚጥል አይመርጥም። ስለዚህ ቆጣሪው ከጠባቂው እንዲለይ፣ የሚናገረው ሠራተኛ እንዲጠበቅ፣ ሪፖርቱም ለሕዝብ እንዲገለጥ መጠየቅ የሁላችንም ተግባር ነው እንላለን።