በሰው ሚዛን

የእኩያዬን የልጅ ክርስትና ፎቶ ስልኬ ላይ ሳይ በቅጽበት «እኔ ምንም አይደለሁም» እላለሁ፤ ደረቴ ይነድዳል፣ ሥራ መግባት ያቅተኛል። ሌላው ሰው በዚህ ቢከፋው ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ይረሳዋል። እኔ እስከ ማታ አልበርድም። ሐኪሞች ይህን ቦርደርላይን የስብዕና መታወክ ይሉታል፤ ስሜት ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ይከርራል፣ ለመብረድም ይዘገያል። ራስን ከሰው ማስተያየት የሁሉም ጠባይ ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 ጽፎበታል። «እኔ ማነኝ» የሚለው መልስ ለሚዋዥቅብን ሰዎች ግን ንጽጽሩ ፍርድ ይሆንብናል።

የምኖርበት ሲያትል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ማርሻ ሊንሃን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ መታወክ የሚሰጠውን ሕክምና፣ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒን፣ የቀመሩበት ከተማ ነው። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1961፣ ገና በ17 ዓመታቸው፣ የአእምሮ ሆስፒታል ገብተው እንደነበር በ2011 በአደባባይ ተናግረዋል። (እኔን ከዲግሪዎቻቸው ሁሉ ይልቅ ያሳመነኝ ይሄ ነው።)

የሚገርመው፣ ሕክምናው ማወዳደርን አይከለክልም። ዛሬን ከባሰው ጊዜሽ ጋር አስተያዪ ይላል። ከአንቺ የባሰባቸውን አስቢ የሚልም አለው፤ እሱን አልወደውም፣ በሰው መከራ መጽናናት ይከብደኛል።

ስሜቱ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ምክር አይሠራም፤ ቅድሚያ ለሰውነት ነው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በረዶ ያለበት ውሃ እሞላለሁ፤ ትንፋሼን ይዤ ፊቴን እነክራለሁ። ዋናተኛ ሲጠልቅ እንደሚሆነው የልብ ምቴ ይቀንሳል። የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው። ስልኬን የምዘጋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀደም ብዬ ብሞክር እጄ እሺ አይለኝም።