«ዝጋልን» ሲባል

«ባሽሙሃንዲስ፣ ላብቶቡን ዝጋልን።» በካርቱም ቢሮዎች ኮምፒውተር እየጠገነና መረብ እየዘረጋ የኖረ ባለሙያ ይህን ትእዛዝ ያውቀዋል። «ባሽሙሃንዲስ» የባለሙያው የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ አረብኛ «ፐ» ስለሌለው ላፕቶፑ ላብቶብ ሆኗል፤ ትእዛዙን የሚሰጠው ተቆጣጣሪ ደግሞ ወረቀት ይዞ የመጣ የመንግሥት ሰው ነው። ባለሙያውን የሚያስጨንቀው ታዲያ ከመሣሪያው መወሰድ ይልቅ «ዝጋልን» የምትለው ቃል ናት።

ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ፣ ማሽኑ ተከፍቶ በርቶ ሳለ የመፍቻው ቁልፍ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ላይ ይገኛል። ማሽኑ ሲጠፋ ቁልፉም ከራሙ ይጠፋል። ቢሮ ወስዶ መልሶ የሚያበራው ሰው ደግሞ ሌላ ጥፋት ያደርሳል፤ ሲስተሙ ሲነሳ በርካታ ፋይሎችን ይነካካል፣ የተነኩበት ሰዓት ይለወጣል፣ ማን መቼ ምን እንደከፈተ መለየትም ይቸግራል። ስልክ ሳይጠፋ ከኔትወርክ መነጠል አለበት፤ አለዚያ ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ ሊያጸዳው ይችላል። ሙያው የሚያዘው ከዲስኩ ላይ ምንም ሳይጽፉ ሙሉ ቅጂ ማውጣትን፣ የቅጂውን ሀሽ (የዲጂታል አሻራውን) መመዝገብን፣ የመሣሪያውን መለያ ቁጥር በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን ለባለቤቱ መስጠትን ነው። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ያላቸው ካርቶንና ማሸጊያ ፕላስተር ነው።

ለእንዲህ ያለው መሣሪያ መውሰድ በሱዳን አንዱ ጉልህ ምሳሌ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2009 የሆነው ነው። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በኦማር አል በሺር ላይ የእስር ማዘዣ ባወጣበት ዕለት፣ የእርዳታ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የሰብዓዊ እርዳታ ኮሚሽን 13 የውጭ ድርጅቶችን ከአገር አባረረ። ኦክስፋም፣ ኬርና የድንበር የለሽ ሐኪሞች የሆላንድና የፈረንሳይ ክፍሎች ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። ሦስት የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ተዘጉ። መኪናው፣ የሬዲዮ መገናኛው፣ ኮምፒውተሩ ተወሰደ።

መኪና ቢወሰድ የሚጎዳው ድርጅቱ ነው። የዳርፉር ክሊኒክ ኮምፒውተር ሲወሰድ ግን ስማቸው ውስጡ ያለ ሰዎችም አብረው ይወሰዳሉ፤ የታከመች ሴት፣ ምስክርነት የሰጠ ሽማግሌ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የሱዳን የበጎ ፈቃድና የሰብዓዊ ሥራ ሕግ ለተቆጣጣሪው ምዝገባ የመሰረዝ ሥልጣን ሰጥቶታል። ፈቃድ መሰረዝና የሰው ምስጢር መክፈት ግን ለየቅል ናቸው፤ በተግባር ሁለቱ በአንድ ካርቶን ውስጥ ገቡ።

በጎረቤት ኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ቢያንስ በወረቀት ላይ ከዚህ ይሻላል። መርማሪው የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል፤ መሣሪያውን መያዝ ብቻ ሳይሆን መረጃውን መቅዳት፣ እንዳይለወጥ መጠበቅና ተደራሽነቱን መዝጋትም እንደሚችል ተጽፏል። መቅዳት በቂ ሲሆን ማሽኑን ተሸክሞ መሄድ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ዳኛ መኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወደ ሱዳን ስንመለስ፣ ያኔ ከተዘጉት ሦስት የአገር ውስጥ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ሱዶ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶ ረትቷል፤ ቢሮዎቹ ግን በእጁ አልገቡም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 መጣ። በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተነሳው ጦርነት የካርቱምን ቢሮዎች ባዶ ሲያደርግ ዕቃውን የወሰደው ማዘዣ የያዘ ተቆጣጣሪ አልነበረም። በየካቲት 2024 ሱዳን ከኢንተርኔት ስትቆረጥ የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ በካርቱም የሚገኙትን የቴሌኮም ኩባንያዎች ማዕከላት ይዟል ተብሎ ተከሰሰ። ከከተማዪቱ የወጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ሻንጣው ውስጥ እድለኛ ሆኖ ያዳናት ነገር ብትኖር፣ የቢሮውን ማሽኖች መለያ ቁጥሮች የጻፈባት አንዲት ወረቀት ናት። ወረቀቷን የሚያቀርብለት መሥሪያ ቤት ግን በጦርነቱ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዶ ነበር።